ዳልቻ ለቅዳሜ ትታረዳለች

ዳልቻ ለቅዳሜ እንደምትታረድ የሰማሁት ከልጄ አፍ አይደለም፤ ከፍቅርተ ነው። ፍቅርተ ጎረቤቴ ናት፣ አጥር ለአጥር ነን። የእኔ ቤት ወሬ መጀመሪያ እሷ ዘንድ አድሮ ነው ወደ እኔ የሚመጣው።

ዳልቻ በሬ እንዳትመስላችሁ። መኪና ናት። አመድ የመሰለች፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት፣ ልጄ ይሻው የሚነዳት አሮጌ መኪና። ከደብረ ታቦር እብናት ስትመላለስ፣ ቄሱንም፣ የቆሎ ተማሪውንም፣ ጤፉንም፣ እግሩን የታሰረውን ፍየልም ስትጭን ነው ያረጀችው። አሁን ደግሞ መኪናም እንደ ከብት ይታረዳል አሉ። ነጋዴው ከባሕር ዳር ይመጣና ሞተሯን ለብቻ፣ በሯን ለብቻ፣ ጎማዋን ለብቻ አድርጎ ይሸጣታል። ቅርጫ ማለት እኮ ነው።

ይሻው ማታ ሲገባ ጠየቅኩት።

«እውነት ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ወፍ።»

«እሷን ወፍ አጥር ላይ ተንጠልጥላ አይቻታለሁ» አለና ጭቃ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተጋደመ። «እውነት ነው እማዬ። ደከመኝ። ስትሄድ ትንኳኳለች፣ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች። ሰው ዝናብ ላይ እያወረድኩ እስከ መቼ ይቅርታ ስጠይቅ ልኑር? ሽጫት መተማ እወርዳለሁ። ሰሊጥ እየደረሰ ነው።»

መተማን አውቃታለሁ። ታላቁ ልጄ አዲስዓለም ለሰሊጥ ብሎ እንደወረደ ነው የቀረው። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራ ነበር። ኋላ መጥራቱን ተወ። አሁን ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ አንዲት ሴት ታነሳዋለች። ደግ ሴት ናት፣ አልፎ አልፎ እደውልላትና እናወራለን፣ ልጇን ድራለች። እንግዲህ ዳልቻ ከታረደች ይሻውም ሄደ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከአንዲት የማላውቃት ሴት ጋር በስልክ ማውራት ይበቃኛል፣ ሁለተኛ አልጨምርም።

መንኳኳቱ የጀመረው ፍልሰታ ሲያዝ ነው። ሲነሳ ጓ! ማርሽ ሲቀይር ጓ! ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ጓ! የምተኛበት ክፍል ግድግዳ ከግቢው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። ፍቅርተ ሰምታ ምን አለች? «ዓይን ነው። ጎማ በቀየረላት ማግስት አይደል የጀመራት? ሰው እንዴት እንዳያት እኔ አይቻለሁ።» ይኼን ያለችው ለምራቴ ለጌጤ ነው። ጌጤ ደግሞ ነገር የማትጥል ልጅ ናት፤ ጆሮዋ የገባ ነገር ልቧ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል።

ከዚያ በኋላ መንቀጥቀጡ መጣ። ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች፣ ታስላለች፣ ድርግም ትላለች። በነጋ ቁጥር ይብስባታል።

አንድ ጠዋት፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ በመስኮት ሳይ ጌጤ ነጠላዋን ተከናንባ በዳልቻ ዙሪያ ትሽከረከራለች። እጇ ላይ ጣሳ አለ። የቤንዚኑን ክዳን ስትከፍት አየኋት። ያዝኩሽ! አልኩ በሆዴ። ቤንዚን እንደ ጽላት ተደብቆ በሚሸጥበት ዘመን፣ የባሏን ቤንዚን እየቀዳች ልትሸጥ! በማግስቱም አየኋት። ወሬው ምላሴ ላይ ሲበላኝ ሰነበተ። ግን የራስ ቤት ገመና ነው፣ ለፍቅርተ አልነገርኩም። ይኼን ያህል መቻሌ እስካሁን ይገርመኛል።

አርብ ጠዋት፣ ፍልሰታው ገና ሳይፈታ፣ ይሻው በላይነህን አመጣው። በላይነህ መካኒክ ነው፤ ወፍራም፣ ሳል የማይለቀው፣ ከጠዋት ጀምሮ የደከመው ሰው። ይሻው ያመጣውም ሊያሠራት አይደለም፤ ነጋዴው ሲመጣ የትኛው ዕቃዋ ደህና እንደሆነ አውቆ እንዲከራከር ብሎ ነው። ሊታረድ ያለ በሬ ጥርሱ እንደሚታየው ማለት ነው።

በላይነህ ኮፈኑን ከፈተ፣ አስነሳት፣ ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሞተሩ አልቆለታል። መንኳኳቱም መንቀጥቀጡም ከሱ ነው። ወርዶ ካልተፈታ መፍትሔ የለውም። እኔን ከጠየቅኸኝ እረዳት።»

ይሻው «እሺ» አለ። ብቻ እሺ። እንዲያ ዓይነት እሺ ከመቃብር ቆፋሪ ነው የሚሰማው።

እኔ ጉልበቴን ይዤ ከደጃፉ ተነሳሁ።

«በላይነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ይጠይቁ እማማ። ብቻ እንዳለፈው ስለ ሚስቴ እንዳይሆን።»

«ስለ ሚስትህማ አውቀዋለሁ፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ! ስማ። እኔ ስሄድ የሚያመኝ ጉልበቴ ነው። ስቀመጥ ጉልበቴ ይተወኝና ጨጓራዬ ይነሳል። ሐኪሙ ታዲያ ሁለት መድኃኒት ነው የሰጠኝ። ይቺስ ስትሄድና ስትቆም የሚያማት እንዴት አንድ በሽታ ይሆናል?»

«እማማ፣ እሷ እኮ ሰው አይደለችም።»

«እኔስ ሰው መስዬሃለሁ በዚህ ዕድሜዬ? መንኳኳቱ ፍልሰታ ሲያዝ ነው የመጣ። መንቀጥቀጡ ኋላ ነው፣ በነጋ ቁጥር እየባሰ። አብረው አልተወለዱም።»

በላይነህ ይሻውን አየው። ይሻው ትንሽ አሰበና «እውነቷን ነው፣ መጀመሪያ መንኳኳቱ ብቻ ነበር» አለ። በላይነህ ተነፈሰ። እንደገና መሬት ላይ መተኛቱ ነው ያስጠላው እንጂ ነገሩ ገብቶታል። ጆንያ አነጠፈ፣ ጎማዋን በድንጋይ አስደገፈ፣ እያቃሰተ ከሥሯ ገባ። ከካምቢዮው፣ ከማርሹ ሳጥን፣ ወደ ኋላ እግሯ የሚሄድ ረጅም ብረት አለ፤ እሱን ይዞ ግራና ቀኝ አጠማዘዘው።

ጓ! ጓ!

ሞተሯ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነዳት፣ ያው የምናውቀው ድምፅ!

«ይሻው፣ ና እይ! ክሮቼራው ነው!»

ክሮቼራ የሚሉት የብረቱ ጉልበት ነው፤ የሚተጣጠፍበት። ይሻው አጎንብሶ አየና ጣቱን ሰድዶ ሲያወጣው ቀይ የዝገት ዱቄት ይዞ ወጣ።

«ግራሶ ቅባት ከነካው ስንት ጊዜው ነው?» አለ በላይነህ ከሥር። «ወንዝ ስታቋርጥ ውሃ እየጠጣ ደርቆ ቀርቷል። እብናት ቁልቁለት ላይ በርሮ ቢወጣ ኖሮ፣ ብረቱ መሬት ላይ ይተከልና ከነሰዉ…»

አልጨረሰውም። እኛም ጨርሰው አላልንም። ጌጤ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

በላይነህ አሁን ወሬው ጣመውና ድካሙን ረሳ። ወደ ሞተሩ ዞረ። ቆማ በራሷ ዝም ብላ ስትሠራ ሚኒሞ ይሉታል፤ ሚኒሞዋ ነው የታመመው። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ነቅሎ አየ፣ ጠረጋቸው፣ መለሳቸው፤ ያው ናት። ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ካርብራተር ከፍቶ ጣቱን ከተተና ዓይኑን አጠበበ። ከዚያ «ብርጭቆ የሆነ ነገር ስጡኝ፣ ውስጡ የሚታይ» አለ። የማርማላታ ጠርሙስ ሰጠሁት። ከታንከሩ ሥር ያለውን ቡሎን ፈትቶ ቀዳበትና ወደ ብርሃን አነሳው። ከላይ ቤንዚን ቢጫ ብሏል፤ ከታች ግን እንደ ምንጭ የጠራ።

«ውሃ!» አለ። «ተገኘ! ወንድሜ፣ ግማሹን ውሃ ሸጠውልሃል። ምስኪን፣ ውሃ እያጠጣሃት ለምን ተንቀጠቀጥሽ ትላታለህ!»

ይሻው ደሙ ፈላ። ስንት ቀን ድምፁ ጠፍቶ የከረመ ሰው ግቢውን አናጋው። «ያ በላስቲክ የሚሸጥልኝ ሌባ! ከነፍሱ ነው የማጣላው! ዱላዬ የታል?»

«ተው ይሻው» አልኩ።

«አልተውም! ልጆቼን ሊያስርበኝ፣ አገር ሊያስለቅቀኝ!» ዱላውን አነሳ። በሩን ሊወጣ ነው። በላይነህ ደግሞ እሱን ለመያዝ ጠርሙሱን ዶሮዎቹ የሚመላለሱበት ጭቃ ላይ ሊገለብጠው እጁን አዘነበለ።

«እንዳትደፋው!»

ጌጤ ናት። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፣ ስትወልድም።

«እንዳትደፋው! ጠበል ነው! ይረገጣል!»

የበላይነህ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አቃናው፣ በሁለት እጁ ያዘው፣ እንደ ዲያቆን።

«የምን ጠበል?» አለ ይሻው።

«የጣራ ገዳም» አለች ጌጤ። እንባዋ መጣ። «ዓይን ነው ሲሉኝ… ሱባኤ አስገባኋት። ጠዋት ጠዋት፣ ቤንዚን ሳትቀምስ፣ በባዶ ሆዷ። በአንድ ጣሳ።»

ለካስ ስትቀዳ ሳይሆን ስትጨምር ነበር! ደግ አደረግኩ አለመናገሬ።

«ጌጤ» አለ ይሻው፣ ዱላውን እንደያዘ። «መኪና ጠበል አጠጣሽ?»

«ለአንተ ብዬ ነው። እንዳትሄድ።»

«እና ጠበል አበላሻት ልትይኝ ነው?»

«እኔ እንዲያ አልወጣኝም!» ብላ አማተበች።

ይሻው በላይነህን አየው። «እኔም አላልኩም» አለ በላይነህ ፈጥኖ። «ውሃ ነው ያልኩት ሳላውቅ ነው። እኔ ልጆች አሉኝ።» ጠርሙሱን ለይሻው ሊሰጠው ዘረጋ፤ ይሻው አልተቀበለም። ወደ እኔ ዘረጋ፤ እኔም እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ጠበል እንዳንለው ቤንዚን፣ ቤንዚን እንዳንለው ጠበል። ሦስት ሰው ቆሞ ጠርሙስ ይፈራል። ማንም አበላሻት አይልም፣ ማንም አላበላሻትም አይልም። ይሻው ዓይኑ ጌጤ ላይ ነው፣ ዱላውም እጁ ላይ። ዱላው አላማረኝም።

«እናንተ መጠመቂያ ስፍራ ሄዳችሁ አታውቁም?» አልኩ። «ክፉ መንፈስ ያለበት ሰው ጠበል ሲነካው ምን ይሆናል?»

«ይንቀጠቀጣል» አለ በላይነህ።

«ከዚያስ?»

«ይጮሃል። ከየት እንደመጣ ይለፈልፋል።»

«ታዲያ ይኸው ተንቀጠቀጠች፣ ይኸው ለፈለፈች። በመንኳኳቱ ጊዜ ማን መካኒክ ጠራ? ማንም! ጓ ጓ እያለች ቁልቁለቱን ስትወርድ ነበር። ስትንቀጠቀጥ ነው ይሻው ተስፋ የቆረጠ፣ ተስፋ ሲቆርጥ ነው በላይነህ የመጣ፣ በላይነህ ሲመጣ ነው ያ የዛገ ጉልበቷ የታየ። ጠበሉ አላበላሻትም። አስለፈለፋት እንጂ።»

ደግሞ ውሸት አልነበረም፣ ስናገረው ለራሴም እውነት ሆኖ ተሰማኝ።

ይሻው ዱላውን አጥሩ ላይ አቆመው። አልሳቀም። ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለና ፊቱን በሁለት እጁ አሸው፣ ሲያሸው ሲያሸው ቆየ። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ነጋዴው ነው፣ የባሕር ዳሩ። ይሻው ስልኩን አየው፣ አየው፣ አየውና ለጌጤ ዘረጋላት።

«አንቺ ንገሪው።»

ጌጤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አቤት… አዎ፣ ቤቱ ነው… አይ፣ ነገ አይምጡ።» ምን ምክንያት እንደምትሰጥ ጠፋት፤ ወደ እኔ ስታይ እኔም እኔ ምን አውቄ ብዬ ደረቴን ነው የነካሁ። «በጾም አይታረድም» አለችና ዘጋችው።

በላይነህ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም ብሎ ጠርሙሱ ሊወድቅ ሲል ጌጤ ተቀበለችው። ሸፍና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይዛው ሄደች፣ ሰው ከማይረግጠው ከወይራው ሥር ልታፈሰው። በላይነህ ከኋላዋ «ጧፍ የያዘ ሰው እንዳይጠጋ!» እያለ ይጮሃል።

ይሻው ከቁጢጡ ሳይነሳ ጠየቀው።

«ክሮቼራው እዚህ ይገኛል?»

«ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው። እስኪመጣ አትንቀሳቀስም። ታንከሩንም እኔው አጥበዋለሁ።»

«ትቁም» አለ። «እኔም ትንሽ ልቁም።»

ገብቶ መደቡ ላይ ወደቀ። ጌጤ ስትመለስ ተንበርክካ ጭቃ ጫማውን ከእግሩ ሳበችለት፣ እሱም እግሩን ሰጣት። እኔ ወደ ፍቅርተ ልሄድ ነጠላዬን አጣፍቼ ነበር፤ ይኼ ወሬ እንዴት ያድራል! ግን ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ልጄ ሲያንኮራፋ እሰማለሁ። ማንኮራፋቱ አስቀያሚ ነው፣ ከአባቱ የወረሰው። ይሁን፣ ያንኮራፋ።