ሳይመቱ የተገኘ ነጥብ

«ካልመታች ምን ብለሽ ነው የምትጽፊላት?» አለኝ አሰልጣኙ፣ ከፊቴ ተገትሮ።

ቅጥል አልኩ። የልብስ ፋብሪካችን ሴቶች የሶፍትቦል ቡድን ነጥብ መዝጋቢ እኔ ነኝ። የተወረወረ ኳስ በዱላ ይመታል፤ ሦስቱን ማረፊያዎች አልፋ ወደ መነሻው የተመለሰች ሯጭ ነጥብ ታስገኛለች። ለውድድር ከሚሄደው ቡድን የቀረችው አንዲት ቦታ ናት፤ የሚፈልጓት ደግሞ ሁለት ናቸው፦ ታናሽ እህቴና ቁልፍ የምትተክለዋ ረጅሟ። በመምቻ ተራዋ ብዙ ነጥብ ያስገባች ትሄዳለች ተብሏል። እስከ ዛሬ ስድስት ለስድስት ነበሩ።

ዛሬ በመጨረሻው ዙር፣ ሦስቱም ማረፊያዎች ላይ ሯጮች ቆመው እያለ እህቴ ዱላዋን ይዛ ገባች። ወርዋሪዋ አራት ኳስ አበላሸች። አራት ከተበላሸ መቺዋ ሳትመታ ወደ አንደኛው ማረፊያ በነፃ ትሄዳለች። አንድ ማረፊያ ለሁለት ሰው አይሆንምና እዚያ የነበረችው ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ወደ መነሻው ትገፋለች። ተገፍታ ገባች። ነጥብ! የማን? የእህቴ ነዋ!

«ዱላዋን እንኳን አልወዘወዘችም። እህትሽ ስለሆነች ነው እንጂ...» አለ አሰልጣኙ።

ኤዲያ! ደሜ ፈላ። እስካሁን የምሠራው በሰሚ ሰሚ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ያገኘሁትን የደንብ መጽሐፍ ከቦርሳዬ መዝዤ አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት።

«አንብብ! ማረፊያዎቹ ሞልተው በነፃ ከሄደች፣ ተገፍታ የገባችዋ ነጥብ ለመቺዋ ይመዘገባል። እኔ አላወጣሁት!»

ሁለቴ አነበበው። «ይሁን» አለ ፊቱን አኮሳትሮ። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እታለም፣ ኑሪልኝ!»

ይኼኔ ረጅሟ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች፣ ቀና ሳትል፣ «የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ የኔስ?» አለች።

ክው አልኩ። ገጹን ገለጥኩ። ማረፊያዎቹ ሞልተው ነበር፣ በነፃ ሄዳለች፣ በስሟ ፊት ግን በገዛ እጄ ዜሮ ጽፌያለሁ። ያልመታ ምን አለው ብዬ ነበራ፣ ልክ እንደ አሰልጣኙ! ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! አስተካከልኩት። ሰባት ለሰባት ሆኑ።

«እኩል ከሆናችሁ በዕጣ ነው» አለ አሰልጣኙ። እህቴ ተንፈስ አለች።

እኔን ግን እረፍት ነሳኝ። አንዱን ከተሳሳትኩ ሌላውስ? ገጽ በገጽ ወረድኩ። ለእህቴ የቀረ አንዲት እንኳን ባገኝ ብዬ ዓይኔ እስኪቀላ ፈለግኩ፤ የለም። አምስተኛው ጨዋታ ላይ ግን እንደገና ማረፊያዎቹ ሞልተው ረጅሟ በነፃ ሄዳለች፣ በስሟ ፊት ያው ዜሮ። ያን ቀን ዝናብ ሲወርድብን ነው የተጫወትነው፤ ማንም ልብ አላለውም፣ ራሷም ረስታዋለች።

እርር ድብን አልኩ። በማን ልናደድ? ስጮህበት የነበረው መጽሐፍ እዚያው ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ብዘጋው ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ።

«ምን አገኘሽ?» አለች እህቴ ከትከሻዬ በላይ እያየች።

እስክሪብቶዬን አንስቼ በረጅሟ ስም ፊት ስምንት ብዬ ጻፍኩ። እህቴ ቁጥሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ዱላዋን አንስታ ሄደች። እታለም አላለችኝም።