እርከን ያለው ሰማይ

አባባ ዓይናቸው ደክሟል ብዬ ለቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ የተናገርሁት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

አባቴ ወልደማርያም ሠዓሊ ናቸው። ሙያውን ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ተምረው፣ አርባ ዓመት ሙሉ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሲሥሉ ኖረዋል። ወገዳ ከተማ አጠገብ አዲስ ለታነጸች ቤተ ክርስቲያን ሊሥሉ ተስማምተው ቀለማቸውን ሲያሰናዱ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ መሐሪ እኔ ወደማስተምርበት ወደ አርብ ገበያ ከተማ መጥተው ጠየቁኝ። «መወጣጫው ከፍ ያለ ነው። ለመሆኑ ዓይናቸው እንዴት ነው?» አሉኝ። እውነቱን የነገርኋቸው መስሎኝ ነበር።

ማስረጃዬ ቴሌቪዥኔ ነበር። ፎርኬ የሚሉት፣ ምስሉ እጅግ የጠራ ነው፤ እንዳይሰበር ከደብረ ታቦር ድረስ አቅፌ ነው ያመጣሁት። አባባ ገና ፊቱ ከመቀመጣቸው «የሰውዬው ፊት በወንፊት ያለፈ ይመስላል። ሰማዩም እርከን እርከን ነው» አሉ። ተናደድሁ። የፊዚክስ አስተማሪ አይደለሁ? «ስምንት ሚሊዮን ነጥብ ያለው ስክሪን ላይ ምን እርከን አለ? ዓይንዎ ነው!» አልኋቸው።

ኮሚቴው ሥራውን ለጊዜው አቆየው። አባባም ብሩሾቻቸውን አጥበው ሣጥን ውስጥ ከተቱ፤ አንድም ቀን አላማረሩም።

አንድ ቅዳሜ ለተማሪዎቼ ስለ ብርሃን ላስተምር ብዬ፣ ቀስ በቀስ እየፈዘዘ የሚሄድ ሰማያዊ ሥዕል በኮምፒውተር ሠርቼ ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣሁት። ከደማቁ እስከ ፈዛዛው የሰጠሁት ዐሥራ አንድ የቀለም ደረጃ ነው። ለእኔ የታየኝ አራት ብቻ ነበር።

«ዐሥራ አንድ» አሉ አባባ ከኋላዬ።

ደነገጥሁ። ቁጥሩን ሳልነግራቸው ደረጃውን ሰባት አደረግሁት። «አሁን ደግሞ ሰባት» አሉና መጥተው እያንዳንዱን ድንበር በጣታቸው አሳዩኝ። አንዱንም አልሳቱም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ነጥቡ ቢበዛም፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያወጣው የቀለም ደረጃ የተቆጠረ ነው፤ ሰፊ ሰማይ በጥቂት ሰማያዊ ሲሸፈን ድንበሩ ይወጣል። ወንፊት ያሉትም ልክ ነበር። ጣቢያው የሚልከው ጥቂት ነጥብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ለጥጦ ስክሪኑን ይሞላል።

ይኼን ሳስረዳቸው ሣቁ። «ጥቂት ቀለም ሰፊ ግድግዳ ላይ ማሳሳት ነው በይኛ! እኛማ ድንበሩ እስኪጠፋ ሃያ ጊዜ እንበጠብጣለን።»

አልሣቅሁም። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «አባባ፣ ለኮሚቴው ዓይናቸው ደክሟል ያልሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። መሪጌታ የዚያኑ ዕለት ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም? ለምን ደህና ነኝ አላሏቸውም?»

ራሴን ዳበሱኝ። «የተማርሽ ልጄ ነሽ። እርከኑ የለም አልሽኝ፤ እኔ ግን ባየሁ ቁጥር አለ። ከዓይኔ ይልቅ አንቺን አመንሁ፣ ሳሮንዬ። የሣልሁትን ሁሉ ስጠራጠር ነው የከረምሁት።»

አለቀስሁ። አርባ ዓመት የሠሩትን በአንድ አፍ እላፊ አስጠርጥሬያቸዋለሁ።

በማግሥቱ ወገዳ ሄጄ በኮሚቴው ፊት ቆምሁ። ዐሥራ አንድ ደረጃ ያለውን ሥዕል በስልኬ ከፍቼ መሪጌታ መሐሪን «ስንት ደረጃ ይታይዎታል?» አልኋቸው። አስጠግተውም አርቀውም አዩት። «ሦስት» አሉ። ቀሪዎቹም ከአራት አላለፉም።

«ዓይናቸው ደክሟል ያልሁት ስሕተት ነው፤ አባቴ ዐሥራ አንዱንም ቆጥረዋል» አልሁ።