የእናቴ ግማሽ

አንድ ልብስ የአንድ ወገብ ሥራ ነው፤ ይሄን በእኛ በሃካ ተራሮች የማታውቅ ሴት የለችም። እኔም ትኩሳት ባይጥለኝ ኖሮ ለማንም አልሰጥም ነበር። የሰርግ ልብስ በሁለት ግማሽ ተሸምኖ መሃሉ ይሰፋል። ጥለቱ ስፌቱ ላይ ካልተጋጠመ ታዲያ ምኑን ልብስ ሆነ? የመጀመሪያውን ግማሽ ጨርሼ አልጋ ላይ ስወድቅ እናቴ፣

«አንቺ ተኚ፣ ሌላውን እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

«እማዬ፣ ወገብሽ...»

«ወገቤ ምን ሆነ? አንቺን አዝሎ ያሳደገ ወገብ ነው!»

እሷን ማን ይችላታል! ሽመና ከተወች ቆይታ ነበር። ተኝቼ ስሰማት እያንጎራጎረች ትሠራለች። ደስ ብሏታል፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሲሻለኝ ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ጉድ ፈላ! ከላይ ጥለቱ ይገጥማል፣ ወደ መሃል ይሸሻል፣ መጨረሻ ላይ የእናቴ በስንዝር ይረዝማል። ድሩን የምንወጥረው በወገባችን ታጥቀን፣ ወደ ኋላ ተለጥጠን ነው። ክብደት የሌላት ሴት ድሯ ይላላል፣ ማጓም አይጠብቅም።

ይባስ ብሎ የሙሽራዋ እናት እትዬ ሳይ ሜን ሥራውን ልታይ መጣች። የሷን አፍ የማይፈራ የለም።

«እንዴ ኢያንግ!» አለችኝ። «ምንድን ነው ይሄ? አንዱ ጨዋ፣ አንዱ ሰካራም! ለሰርጉ ካልደረሰ የፋብሪካ ጨርቅ እገዛለሁ። ለአገሩ ሁሉም እናገራለሁ!»

ከተናገረች እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቀና አለች።

«የማንኛችን ነው የተበላሸው?»

እውነቱን ብነግራት ዳግመኛ ድር አትታጠቅም።

«የኔ ነው» አልኩ። «አጥብቄዋለሁ። እንደገና እሠራዋለሁ።»

«ብዬሽ ነበር» አለች እናቴ ወደ እትዬ ሳይ ሜን ዞራ። «ይቺ ልጅ ከድሩ ጋር እየተጣላች ነው የምትሸምነው!»

ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ትንሽ ላላ ማድረግ ነው ብዬ። ወገቤ ግን በልማዱ ወደ ኋላ ይስባል። ከእናቴ ሥራ ጋር እያስተያየሁ ፈታሁ፣ ሠራሁ፣ ደግሜ ፈታሁ። በመጨረሻ ጥለቱ የገጠመው፣ መታጠቂያው ጀርባዬን መንካቱን እስክጠራጠር ጎንበስ ስል ነው። ለካ እናቴ ይሄን ያህል ክብደት ብቻ ነው የቀራት! ድሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ልብሱን ልትወስድ የመጣችው እትዬ ሳይ ሜን ስፌቱን ዳበሰችው። «ሳሳ ብሏል» አለች፤ «ግን ገጥሟል። ለታናሿ ልጄም ትሠሩልኛላችሁ።»

እናቴ በኩራት ተነፋች። «አየሽ እንደኔ ስትሠሪ? የሚቀጥለውንም እኩል እንካፈላለን።»

«እሺ እማዬ» አልኩ። የሚቀጥለውንማ ከዚህም በላይ ላላላው ነው።