ትጩህ፣ ተዋት

ክሊት ዌንዴልን ለመጀመሪያ ጊዜ በቡጢ የመታው በሠርጉ ቀን ነው፤ ያውም ሙሽራው ኬኩን እንደ ጎረሰ። በምን እንደተጣሉ ዛሬ ሁለቱም አያስታውሱትም። ሙሽራዋ ኦሌታ ግን ታስታውሳለች፤ መቺው ወንድሟ፣ ተመቺው ባሏ፣ ቬሎዋ ላይ የተረጨው ደም ደግሞ የሁለቱም ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አርባ አንድ ዓመታት ሁለቱ ሰዎች በሣር ማጨጃ፣ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ፣ በአንድ አንካሳ ውሻና በቱርክ ዶሮ አጠባበስ ተደባድበዋል። ስለዚህ ኦሌታና ዌንዴል ዌስት ቨርጂኒያ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን እየዞሩ የሚኖሩበት ቤት-መኪና ሊገዙ ክሊት ወዳለበት ወደ አሪዞና ሲመጡ፣ በቤንዚንና በናፍጣ መካከል ደም እንደሚፈስ ሴትዮዋ ቀድማ ታውቃለች። ሻንጣዋ ውስጥ ፋሻና አዮዲን ይዛ ነው የመጣችው።

ደሙም አልዘገየም። በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ ቡልሄድ ከተማ ወንዙ ዳር፣ ብርድ የሸሹ ጡረተኞች መኪናቸውን ደርድረው በሚሰፍሩበት ሜዳ ላይ፣ ክሊት ሥጋ እየጠበሰ ወሬውን ጀመረው።

«ናፍጣ ነው የምትገዙት። አለቀ!» አለ በመገልበጫው የራሱን መኪና እያሳየ። አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት አላት፤ ሞተሯ ጭራዋ ላይ ነው። «ሞተሩ እዚያ ኋላ ነው፣ አንተ እዚህ ፊት ነህ። ስትነዳት እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ያለ ነው። የራስህን ጨጓራ ነው የምትሰማው።»

«የኔን ጨጓራ ሰባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አዲስ ነገር አይናገርም» አለ ዌንዴል።

«ጉልበቱስ? ዳገት ላይ ዝም ብሎ እንደ ዝሆን ይገፋሃል! ያቺ የምትመኛት ቤንዚን እኮ እግርህ ሥር ተቀምጣ እንደሚታረድ አሳማ ነው የምትጮኸው።»

«ያንተ ደግሞ ስትነሣ የምትጮኸው አልጋው ሥር ነው። ትናንት ጠዋት እህትህ ተኝታ ሳለች አስነሥተሃት ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ።»

«ጥርሷ ድሮም ይንቀጫቀጫል!»

«ስለ ሚስቴ ጥርስ ነው የምታወራው?»

«ስለ እህቴ ጥርስ ነው የማወራው፣ የኛ ሙሽራ!»

ክሊት ከአርባ አንድ ዓመት በኋላም «የኛ ሙሽራ» ይለዋል፤ ይህ ሲመጣ ቡጢው ሩቅ አይደለም። ዌንዴል የሰናፍጩን ጠርሙስ ወረወረ። ክሊት በመገልበጫው ጆሮ ግንዱን አጮለው፤ የጋለ ብረት ነውና ቆዳው ጨሰ። ተያይዘው ምድጃው ላይ ወደቁ፤ ፍሙ ተበተነ፣ የክሊት እጅጌ ተያያዘ፣ ሥጋው አሸዋ ለበሰ። ጎረቤቶቹ ወንበራቸውን አዙረው ያዩ ጀመር። ኦሌታ የቢራ ማቀዝቀዣውን ሣጥን ከነበረዶው አንሥታ በሁለቱም ላይ ገለበጠችው።

«ጨረሳችሁ?» አለች።

አልጨረሱም፤ ግን በረዳቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይቺ ሴት በዚያ በተራራ አገር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሃያ ሰባት ዓመት ነድታለች። አምሳ ልጅ አፍ ለአፍ እየጮኸባት፣ በበረዶ፣ በቁልቁለት፣ በጭቃ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት በቤንዚን፣ የቀሩትን በናፍጣ። ሁለቱ ወንዶች ስለ ሞተር ሲደባደቡ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ግን አልነበረም። የሚገዛው ደግሞ የመጨረሻ ቤቷ ነው። ከዚህ ወዲያ የምትመለስበት ደጃፍ የላትም።

በማግስቱ ጠዋት የቤንዚኗን ሊሞክሩ ሄዱ። ባለቤቷ ሚስተር ኢምሪ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታባቸው፣ ዓይናቸውም ደክሞ መኪናዋን የሚሸጡ። ሁለቱ ወንዶች መሪው ጋ ማን ይቀመጥ በሚለው በሩ ላይ ሲገፋፉ፣ ሽማግሌው ለኦሌታ የማርሹን ዘንግ አሳዩዋት።

«ስትወጡ ትጮሃለች። ስትወርዱ ደግሞ ከዚያ ብሳ ትጮሃለች። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ይቺን ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫኑና እጃችሁን ሰብስቡ። ማርሹ ይይዛታል። ትጩህ፣ ተዋት።»

«ገብቶኛል፣ ሚስተር ኢምሪ።»

«አንቺ እንደገባሽ አይቻለሁ። የሚነዳውስ?»

የሚነዳው ዌንዴል ወንድሟን በክርኑ ገፍቶ መሪውን ይዞ ነበር። «ቁልፉን መጫን! ሰምቻለሁ!» አለ ዞር ሳይል።

ኦሌታ ከኋላቸው ካለችው የምግብ ጠረጴዛ ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረች። በሁለቱ ወንዶች መቀመጫ መካከል የሞተሩ ክዳን እንደ ግመል ሻኛ ጉብ ብሎ ነበር።

ከወንዙ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ ከጥቂት መታጠፊያ በቀር ቀጥ ያለና ረጅም ነው፤ አቀበቱ ግን አይታክተውም። ገና ሦስተኛው ማይል ላይ ሞተሩ ያገሳ ጀመር። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ሳህኖች ጥርሳቸውን አፋጩ። ዌንዴል ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ መኪናዋ በሰዓት አርባ ማይል ትንፏቀቃለች። ከሻኛው የሚወጣው ሙቀት ቀኝ እግሩን ይጠብሰዋል።

«ወርጄ ልግፋ?» ብሎ ጮኸ ክሊት።

«ውረድ! በናትህ ውረድ!»

ብረት የጫነ ከባድ መኪና በጎናቸው ሲያልፍ ክላክሱን ለቀቀባቸው። ክሊት መስኮቱን ከፍቶ፣ «ይቅርታ! ሟች ይዘን ነው!» አለው። ዌንዴል አንገቱ ቀላ። ኦሌታ አየችው። ያ መቅላት ከጆሮው ሲደርስ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

ጫፍ ላይ ደረሱ፤ ዞሩ። ወንዙ ከታች እንደ ተጣለ ክር ይታያል፤ ከዚህ እስከዚያ አሥራ ሁለት ማይል ቁልቁለት ነው። ዌንዴል ቁልፏን ተጫነ። መኪናዋ ማርሽ ቀንሳ ወገቧን ያዝ አደረገችና ጩኸቷን ለቀቀችው። አወጣጡ ማጉረምረም ከነበረ ይሄ ዋይታ ነው። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ቀስት ሽቅብ ተተኮሰ። ፍጥነቷ ግን አርባ አምስት ላይ እንደ ተቸነከረ ቆመ፤ ዌንዴል ፍሬን አልነካም።

የኦሌታ ትከሻ ላላ። ይህንን ድምፅ ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ በደኅና ወደ እናቱ የወረደው በዚህ ጩኸት ነው።

ክሊት ግን የናፍጣ ጆሮ ነው ያለው። የእሱ መኪና ላይ ቀስቱ ሦስት ሺህን ካለፈ ሞተሩ አበቃለት ማለት ነው፤ እዚህ ቀስቱ አራት ሺህ አምስት መቶ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፊቱ ነጣ።

«ልትፈነዳ ነው! አጥፋት! ሞተሩን ልትበላው ነው!»

«ሰውየው ተጫን ነው ያለኝ!»

«ሰውየው ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው! ጆሮው ደንቁሯል!»

«ክሊት፣ እጅህን ሰብስብ!» አለች ኦሌታ።

ክሊት እጁን ዘርግቶ ቁልፏን መልሶ ተጫናት። ዋይታው ተቆረጠ። ጸጥታ ሆነ። ነፋሱ ብቻ ሽው ይላል።

«አየህ?» አለ ክሊት ላቡን እየጠረገ። «እንደ ቤተ ክርስቲያን።»

ቤተ ክርስቲያኗ አምሳ አምስት ገባች። ስድሳ። ዌንዴል ፍሬን ያዘ፤ ለቀቀ፤ እንደገና ያዘ፤ ከዚያ መልቀቁን ተወው። ኦሌታ «መልሳት! ቁልፏን መልሳት!» ብትልም ሁለቱ ወንዶች ማን ፈሪ እንደሆነ እየተነጋገሩ ነበር። ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ብረትና የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ። በጎን መስተዋት ከጎማው ነጭ ጭስ ሲወጣ አየች።

«ለሰለሰ» አለ ዌንዴል ድምፁ ቀጥኖ። «ፍሬኑ ለሰለሰ። ወለል ነው የምረግጠው!»

ሰባ።

«አንተ ነህ!» ብሎ ዌንዴል በክርኑ የክሊትን አፍ መታው። የክሊት ከንፈር ተተረተረ። ክሊትም አርባ አንድ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ በሙሉ ቡጢ አፍንጫውን አለው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ደቀቀ፤ ደሙ እንደ ቧንቧ ፈሰሰና ዌንዴል ሁለት እጁን ወደ ፊቱ ወሰደ። መሪውን ማንም አልያዘውም።

መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላተመች። ብረቱ ጎኗን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቆርቆሮ ቀደደው። የጎን መስተዋቷ ተገንጥሎ መስኮቱን ሰብሮ ገባና የክሊትን ጉንጭ ላጠው። ቁም ሣጥኖቹ ተከፈቱ። ሳህን፣ ጣሳ፣ ቢላዋ፣ የሚስተር ኢምሪ የሟች ሚስት የሻይ ስኒዎች በአየር ላይ ሄዱ። ኦሌታ ቀበቶዋን ፈታች። የባቄላ ቆርቆሮ ግንባሯን ፈነከታት። ተንፏቃ የሞተሩ ክዳን ላይ በጉልበቷ ወጣች፤ ሱሪዋ ከክዳኑ ጋር ሲጣበቅ፣ ሥጋዋም ሲቃጠል ተሰማት። በግራ እጇ መሪውን ጨበጠች።

ክሊት ደም እየተፋ የማርሹን ዘንግ ይዞ ይታገላል፤ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ማይሆን ወደ ማይሆን ይስበዋል።

«ልቀቅ!»

አልለቀቀም። ከእግሯ ሥር አንድ ከባድ የብረት መጥበሻ ተንከባሎ መጥቶ ነበር። አነሣችና የወንድሟን አንጓ በመጥበሻው ጠርዝ መታችው። ቀጭ አለ። ክሊት እንደ ልጅነቱ ጮኸ። ዘንጉን ለቀቀ።

ቁልፏን ተጫነች። «ዌንዴል! ፍሬኑን ልቀቅ! እግርህን አንሣ፣ ምንም አትርገጥ!»

«አይታየኝም!»

«የሚታየኝ እኔ ነኝ! አንሣ!»

ዘንጉን አንድ ሳበች። ሞተሩ ዋይ አለ፤ ሰባ አምስት የነበረው ሰባ ሆነ። ጠበቀች። ሌላ አንድ ሳበች። ጩኸቱ ጉልበቷን አልፎ ጥርሷ ውስጥ ገባ፤ ቀስቱ ቀዩን ነካ። ስድሳ ሁለት። ክሊት ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ትፈነዳለች፣ ትፈነዳለች» ይላል። እሷ ግን ማሽኗ በሁለት እጇ ገደል ይዛ እንደምትታገል ታውቃለች። ትጩህ።

መታጠፊያው ላይ ግን ሌላ ብረት የጫነ ከባድ መኪና ከፊታቸው ተከሰተ፤ በዝግታ እየወረደ፣ ጭራው ላይ የብረት ዘንጎቹ ወጥተው። በግራ ሌላ መኪና አለ። በቀኝ፣ ፍሬን ለከዳው መኪና የተሠራው የጠጠር መውጫ ሽቅብ ተዘርግቷል።

«ያዙኝ!» አለች።

ዌንዴል በደም በታወረ ዓይኑ ክንዱን ወገቧ ላይ ጠመጠመ። ክሊትም በደኅናው እጁ ቀበቶዋን ጨበጠ። እነዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አብረው ሲይዙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ኦሌታ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረችው።

ጠጠሩ ዋጣቸው። የፊት መስተዋቱ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ፤ ድንጋይ ከሥር እንደ መትረየስ ተንጣጣ። ጣሪያው ላይ ያለው አየር ማቀዝቀዣ ተነቅሎ በላያቸው አለፈ። የኦሌታ ደረት መሪውን መታ፤ ሁለት የጎድን አጥንት ሄደ። ከዚያ ቆመች። ሞተሯ ብቻ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ቱር ቱር ትላለች።

ከዚያ ክሊት በተተረተረ ከንፈሩ፣ «ናፍጣ ቢሆን ኖሮ…» አለ።

ዌንዴል ቡጢውን አነሣ። ኦሌታ መጥበሻውን አነሣች። ቡጢው ወረደ።

የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ በተቀደደው ጎን አንገቱን አስገባና ሦስቱን ደም የለበሱ ሽማግሎች ተራ በተራ አየ። «ማን ነበር የሚነዳው?» አለ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ።

«እኔ ነኝ» አለች ኦሌታ። «መጀመሪያ ማን እንደነዳ ተዉት። አሁን እኔ ነኝ።»

ሚስተር ኢምሪ የተቀደደችው መኪና በጎታች ተስባ ስትመጣ ጎኗን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ኦሌታ ከሚስታቸው ስኒዎች የቀረውን አንዱን ጆሮ የሌለውን ስኒ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ጮኸች?»

«ጮኸች።»

«ተዋችኋት?»

«እነሱ አልተዉአትም። እኔ ግን እወስዳታለሁ፣ ሚስተር ኢምሪ። እንዲሁ እንዳለች፣ በተነጋገርነው ዋጋ።»

«ኦሌታ፣ እስቲ መጀመሪያ እንመካከር…» አለ ዌንዴል በታፈነ አፍንጫው።

«ተመካክረን ጨርሰናል። ሦስታችንም ፋሻ አድርገናል።»

ጎኗ በአሉሚኒየም ተጣጥፎ እስኪጠገን አምስት ሳምንት ፈጀ። ሲሄዱ ክሊት አንጓው በጀሶ፣ እስከ ፊኒክስ ልሸኛችሁ ብሎ ከኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ዌንዴል ከፊት ከጎኗ ነው፤ መሪው የኦሌታ ነው። ዳገቱን እያገሡ ወጡት፤ ከባድ መኪኖች አለፏቸው፤ ክላክስም ተነፋባቸው። ከወዲያ ማዶ ቁልቁለቱ ሲጀምር ቁልፏን ተጫነች፤ ዋይታውም ተነሣ። የዌንዴል ጣቶች ከጭኑ ላይ ተነቃነቁ። ቀስ እያሉ በሞተሩ ክዳን ላይ ወደ ዘንጉ ሄዱ።

ኦሌታ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። ከራሷ በላይ ሚስማር ላይ የሰቀለችውን መጥበሻ ብቻ በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ተወዛወዘ።

ጣቶቹ ወደ ጭኑ ተመለሱ።