የአልጋ አራት ትኩሳት

ታንጉ የቀዶ ጥገና ፈቃድ ወረቀቱ ላይ «አልጋ 4» የሚለውን ያየችው ፈርማ ከጨረሰች በኋላ ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ወንድማገኝ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ፣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ መንገድ ጀምሯል። ልጇ ሸጋው ግን ከእሑድ ጀምሮ የተኛው አልጋ ስድስት ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሬም አላለችው። ወንድማገኝ ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጥቶ፣ «እትዬ ታንጉ፣ የሸጋው ትኩሳት ሦስት ቀን ሙሉ አልወረደም። ሆዱ መግል ሳይቋጥር አልቀረምና ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ይከፈታል» ሲላት ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ይህን ወሬ ከቅዳሜ ጀምራ ስትጠብቀው ነበር። ሳሙናውን ከእጇ ሳትለቅ ልቧ አገራቸው ገለጉ ደርሶ፣ አባቱን ማን እንደሚያረዳው፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ መንገዱ ገና ስላልደረቀ ሬሳው በምን እንደሚጫን አስቦ ጨርሷል።

ሸጋው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ላይ እያለ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ መተማ ዮሐንስ የደረሰው ቅዳሜ ዕለት ነው። በዚያው ቀን፣ የሱዳኑን ጦርነት ሸሽታ በገላባት በኩል የተሻገረችው መጂዳም ልጇን ኡመይርን በዚሁ ሕመም አስተኛች። ሁለቱም በአንድ ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሆስፒታሉ ጥናት ይዞ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሆድ ከታጠበ በኋላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱ አንድ ቀን ይበቃል ወይስ አምስት ቀን ያስፈልጋል የሚል። የታሸገ ፖስታ ይከፈታል፤ ውስጡ ያለው ዕጣ ይወስናል። ለኡመይር አምስት ቀን፣ ለሸጋው አንድ ቀን ደረሰ። ዶክተር አለምሰገድ፣ «የትኛው እንደሚሻል ስለማይታወቅ ነው የምናጠናው፤ ካልፈለጉም ይቀራል» ብሎ ረጋ ብሎ አስረድቷታል። ታንጉ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ናት፤ ነገሩ ገብቷታል። ገብቷትም፣ ክፉው ዕጣ የእኛ ነው ብላ ደምድማለች።

አልጋ አራት የከሰዓት ፀሐይ የሚጠብሰው ግድግዳ ሥር ነው። አልጋ ስድስት ደግሞ ከሚሠራው አንድ ማራገቢያ በታች። እሑድ ዕለት መጂዳ መጥታ፣ ዐረብኛ እየቀላቀለች፣ «ያ ታንጉ፣ የኔ ልጅ በረደው፤ ያንቺው ደግሞ ሊቀልጥ ነው። እንለዋወጥ፣ ኸላስ፣ በቃ» አለቻት። ሁለቱ እናቶች ልጆቻቸውን ደግፈው አዛወሩ። አስታማሚ ከአስታማሚ ጥላና ንፋስ መለዋወጡ በዚህ ቆላ የተለመደ ነው፤ ሐኪም አይጠየቅበትም። ነርሶቹ መርፌ የሚወጉት ስም እየጠሩ ስለሆነ መድኃኒቱ አልተሳሳተም። ለጥናቱ ትኩሳት የሚለካው ወንድማገኝ ግን የአልጋ ቁጥር እያየ ነበር የሚጽፈው፤ መዝገቡ ላይ አልጋ አራት አሁንም ሸጋው ነው።

በአልጋ ቁጥር እንደሚጻፍ ታንጉ አላወቀችም። ልብሱን ሳታሰጣ ገብታ የሸጋውን ግንባር ዳሰሰች። ቀዝቃዛ ነው።

«እማ፣ ርቦኛል» አላት።

ሰው ሊሞት ሲል ይሻለዋል ሲባል ሰምታለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አልጋ አራት ላይ አረፈ። ኡመይር በዚያ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያየችው ቁጥር ትዝ አላት።

ወዲያው አልተነሳችም። ከልጇ ሆድ ላይ ምላጩን ብታነሳ የሚያርፈው የመጂዳ ልጅ ላይ ነው። ደግሞ ተሳስታ ቢሆንስ? በእሷ ወሬ ሐኪም ዘግይቶ ሸጋው ቢሞትስ? ሰዓቱ አሥር አልፏል። ኡመይር አንድ ጊዜ አቃሰተ። ተነስታ መጂዳ አጠገብ ቁጢጥ አለችና ሁሉንም ነገረቻት።

መጂዳ እጇን ኡመይር ግንባር ላይ አሳረፈች።

«እንለዋወጥ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም እሺ ብያለሁ። ተነሽ፣ ሰዓት የለንም።»

ወንድማገኝ የጥናቱ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ አገኙትና ትኩሳቱ የኡመይር መሆኑን ነገሩት።

«እትዬ ታንጉ፣ ፈርተው ነው» አለ፣ ሳይዞር። «ቀዶ ጥገና ሲባል የሁሉም ልጅ ድንገት ይድናል።»

«ፈርቻለሁ። እኔ ያልፈራሁበት ቀን መቼ አለ? መለኪያህን ይዘህ ና።»

«እስቲ ቁጥሩን ተወውና ልጆቹን እያቸው» አለች መጂዳ።

ሸጋውን ለካው፤ ሠላሳ ስድስት ከሰባት። ኡመይርን ለካው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት። መለኪያውን በአልኮል ጠርጎ ሁለቱንም ደገማቸው። ፊቱ እየተለወጠ ስልኩን አወጣ።

ዶክተር አለምሰገድ የቀዶ ክፍል ጫማውን እንዳደረገ መጣ። የሸጋውን ሆድ ተጫነና፣ «ያማል?» አለው።

«ረሃቡ ነው የሚያመኝ።»

ኡመይርን ገና በጣቱ ሲነካው ልጁ እጁን ያዘው። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል።

ዶክተሩ ወደ ወንድማገኝ ዞረ። «በአልጋ ቁጥር ነው የምትለካው?»

«ስማቸው ወረቀቱ ላይ አለ፣ ዶክተር።»

«ልጆቹ እጅ ላይስ?»

ወንድማገኝ የመመዝገቢያ ወረቀቱን ገለጠ። «የሦስቱን ቀን ቁጥር ላጥፋው?» ሲል ጠየቀ።

«እንዳትነካው። ልውውጡንም፣ ስህተቱንም፣ እንዴት እንደተገኘም ከሥሩ ጻፍ። እኔም ወረቀት አይቼ በሽተኛ ሳላይ ማዘዜን ጻፍ።» ከዚያ መጂዳን አያት። «እናቴ፣ ልጅሽን አሁኑኑ ማስገባት አለብኝ።»

መጂዳ በአዲሱ ወረቀት ላይ አሻራዋን አሳረፈች። ኡመይርን በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፉት ታንጉ ከጎኗ ሄደች። የሚመጣላት ቃል ሁሉ ክፉ ክፉው ነበርና ክንዷን ያዘቻት።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ኡመይር ሲወጣ ደንዝዞ ተኝቷል፤ ከጎኑ ቱቦ ወጥቶለታል። «ብዙ መግል ነበር፣ አጥበነዋል» አለ ዶክተሩ። «ነገንና ከነገ ወዲያን እንይ።» መጂዳ የልጇን አልጋ ተከትላ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች።

ሸጋው ሾርባውን ጠጥቶ ተኝቷል፤ ወንድማገኝ በነጭ ፕላስተር ላይ ስሙን ጽፎ እጁ ላይ አስሮለታል። ታንጉ ግን አልተኛችም። የመኝታ ክፍሉ በር ላይ ወንበር ስባ ቀዶ ክፍሉን ትጠብቃለች። የፈረመችው ወረቀት አልተቀደደም፤ እዚያ ውስጥ ነው። ተረኛ ይቀየራል፤ አዲሱ ሰው የቱን ወረቀት እንደሚያነብ ማን ያውቃል? የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ጓንት ያወለቀ ነርስ ወጣ። የቀዶ ክፍሉ መብራት ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ መጥታ በሩን ሳበች፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞረች፣ እጀታውን ነቅነቅ አድርጋ መዘጋቱን አየች። ዛሬ ማታ ሸጋውን የሚወስድ የለም፤ ታንጉ ወንበሯን አንስታ ወደ ልጇ ገባች።