ሁለት ደባቂዎችና አንድ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን

ልብስ ሰፊዋ መኪና መንዳት የተማረችው ተደብቃ ነው። ያውም በስልሳ አንድ ዓመቷ! ባሏን «የስፌት ማኅበሩ ስብሰባ አለብኝ» እያለች ሦስት ወር ሙሉ ማሠልጠኛ ተመላለሰች። መንጃ ፈቃዷንም ከክር ሳጥኗ ሥር፣ ሰውዬው በሕልሙም የማይነካው ቦታ ሸሸገችው። ለምን ተደበቀች ብትሉ፣ ባሏ ሰዓት ጠጋኙ በዚያች አሮጌ መኪናው ቀልድ አያውቅም። «የሌላ እጅ አትለምድም» ይላል፤ ጎማ እንኳ የሚያስነፋው አጠገቧ ቆሞ ነው። እሷ ግን መሪ የጨበጠች ቀን ልቧ ጮቤ ረግጧል። ከዚያ ወዲያ እግሯ የሚረግጠው የስፌት መኪናዋን ፔዳል ብቻ መሆኑ አንገበገባት።

እሮብ ጠዋት ሰውዬው ለዓይኑ ሞራ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ። አርብ ከሰዓት ይወጣል ተባለ። እሮብ ከሰዓት ሴትዮዋ ትርፉን ቁልፍ ከመሳቢያ መንትፋ «አንድ ደርሶ መልስ ብቻ» ብላ ወጣች። አደባባዩን ዞረች፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፤ መስኮቱን ከፍታ ያለ የሌለ ድምጿን ለቅቃ ዘፈነች። ዘፈኑ ሳያልቅ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ! የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን አልፎ መሄጃ አጥቷል። ቶሎ ሞተሩን አጠፋች። የጋለ ራዲያተር እንዳይከፈት፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይፈስ አሠልጣኟ ደጋግሞ ስለነገራት ምንም ሳትነካ ቆመች። ደግነቱ ቁልቁለቱ እስከ ደጃፏ ነው፤ አንደርድሮ አደረሳት።

የባሏ ታላቅ እህት ጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ገደልኳት!»

«ማንን?»

«መኪናዋን!»

«ኤዲያ፣ እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ ክው አልኩ እኮ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

ይህች እትዬ ማለት ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ ጋራዥ ሞተር ስትፈታ የኖረች፣ ጋራዡ በሙሉ «ሻለቃ» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። ሐሙስ ማለዳ ቱታዋን ለብሳ፣ ኮፍያዋን ደፍታ፣ የመፍቻ ሳጥኗን እየጎተተች መጣች። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ፤ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዛ አየችው። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

«የቴስታው ጓርኒሲዮን ሄዷል» አለች። «ቴስታ ይሄ ከላይ የተከደነው ከባድ ብረት ነው። በእሱና በሞተሩ መሀል ስስ ንጣፍ አለ፤ ውኃውን ከዘይቱ፣ ዘይቱን ከእሳቱ ለይቶ የሚይዝ። እሱ ሲቃጠል ሁሉም ይደባለቃል።»

«እስከ ነገ ይደርሳል?»

«ለምን ትቸኩያለሽ?»

«ካወቀማ አለቀልኝ! ዕድሜ ልኬን መሪ አያስነካኝም። እትዬ ሙች፣ መንዳት እፈልጋለሁ። በቃ፣ እፈልጋለሁ!» እንባዋ መጣ።

ሻለቃ ለልቅሶ ጊዜ የላትም። «እንባሽን ጠራርጊና ያንን ባልዲ አምጪ» አለች።

ውኃውን አፈሰሱ፣ ጎማ ቱቦዎቹን ነቀሉ፣ ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሀል ተራ በተራ አላሉ። ልብስ ሰፊዋ የቴስታውን ቅርጽ ካርቶን ላይ ነድፋ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ሰካችው። ሻለቃ ካርቶኑን ዐይታ «ጋራዥ ሳለሁ የት ነበርሽ አንቺ?» ስትላት ደስታው እስከ ጆሮዋ አቀላት። ከዚያ በሁለት ወገን ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው ቴስታውን አነሡት።

ጓርኒሲዮኑ በሁለቱ ሲሊንደሮች መሀል ከስሏል። ግን የትናንት ቃጠሎ አይደለም፤ ጥቀርሻው ደርቆ፣ ጠጥሮ፣ ሰንብቷል። በውኃው መሄጃ ቀዳዳዎች ደግሞ ነጣ ያለ ነገር ተጋግሯል። ሻለቃ በጥፍሯ ፍቃ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው።

«እንቁላል ነው» አለች።

«ምን?»

«እንቁላል! የድሮ ሾፌሮች ራዲያተር ሲያፈስባቸው የእንቁላል ነጭ ይጨምሩበታል፤ ውስጥ ይበስልና ቀዳዳውን ይደፍናል። እቤት እስኪደርሱ ነው እንጂ ዓመት ሊኖሩበት አይደለም!»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ዓመት ሙሉ እንቁላል ከቤት ይጠፋባታል። ስትጠይቀው «ለጉልበቴ ጥሬውን እየጠጣሁ ነው» ይላት ነበር፤ እሷም ምስኪን አምና ትጨምርለታለች! ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። ሻለቃ መሬት ላይ ዘፍ አለች፤ ልብስ ሰፊዋ መፍቻ እንደያዘች መኪናዋን እየዞረች እስክስታ ወረደች።

«እኔ አይደለሁም! እኔ አይደለሁማ የገደልኳት! ኧረ እልልል!»

«ግን እኮ» አለች ሻለቃ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ «መርፌው ቀይ ላይ ሲደርስ እንዴት ዝም ብሎ ይነዳል?»

መልሱን ሁለቱም እኩል ገመቱት። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታልና መርፌው አይታየውም። ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያዝናናት በመኪና ሲያወጣት ስንቴ ከጎኑ ተቀምጣ እየቀለደች ሄዳለች! ልብስ ሰፊዋ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘናት፤ ከዚያ ሁለቱ ተደባልቀውባት መፋቂያውን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች።

የቀረው ሥራ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነበር። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ብረቱን ሳይጭሩ ፋቁ፤ የተጋገረውን እንቁላልም ከየቀዳዳው አወጡ። የልብስ ሰፊዋን የብረት ማስመሪያ ቴስታው ላይ አጋድመው ከበስተኋላው ባትሪ አበሩ፤ ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት የለም፤ አልተጣመመም። ሻለቃ ከድሮ ጋራዧ ያስመጣችውን አዲስ ጓርኒሲዮን አነጠፈች።

«አሁን ስታጠብቂ ከመሀል ጀምረሽ፣ እያፈራረቅሽ ወደ ዳር። በአንዴ እንዳትጨርሺው፤ ሦስት ዙር።»

«ይሄማ ኮሌታ ነው! እኔስ ከመሀል ጀምሬ አይደል መርፌ የምሰካው? ከዳር ከጀመርኩ ይጨማደዳል።»

«ይሄም ይጨማደዳል» አለች ሻለቃ፤ መፍቻውንም አስረከበቻት።

አርብ እኩለ ቀን ላይ አዲስ ዘይትና ንጹሕ ውኃ ሞልተው ሞተሩን አስነሡት። ጭስ የለ፣ እንፋሎት የለ። ሴቶቹ ተቃቅፈው ዘለሉ፤ ዘይቱ ከቱታው ወደ ቀሚሱ ተላለፈ።

ሰውዬው የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላው ገና ተራውን የሚጠብቅ ስለሆነ ከጉም በቀር አያሳየውም። ሻለቃም ዘዴ ፈጠረች።

«መንዳት እፈልጋለሁ አላልሽም? ቱታዬንና ኮፍያዬን ልበሺና አንቺ ንጂ። እኔ ከመቀመጫሽ ኋላ ሆኜ አወራለሁ። እኔ የምነዳ፣ አንቺም እቤት የቀረሽ ይመስለዋል። አገር ሰላም ነው ብሎ ይገባል፤ የእንቁላሉን ነገር ሲያገግም እናወጣጣዋለን።»

ከሆስፒታሉ በር ላይ ሻለቃ ራሷ ደግፋ ከፊት አስቀመጠችውና በኋላ በር ገብታ ሹክክ አለች። አንገቷን አስግጋ አፏን ከሾፌሩ መደገፊያ አጠገብ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳለች።

«ድምጿ አምሯል» አለ ሰውዬው ሞተሩ ሲነሣ።

«ዘይት ቀይሬላት ነው!» አለ ከወንበሩ ጀርባ የመጣ ድምፅ።

መኪናዋ ቀስ ብላ ወጣች። መሻገሪያው ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አስፋልቱ ላይ ቋ ቋ እያደረጉ ሊያቋርጡ ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ቆመችላቸው። እሳቸው ሲሻገሩ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህች መኪና ጓርኒሲዮኗ ከተቃጠለ ዓመት ሆኗታል። እንቁላል እያጠጣሁ ነው ያቆየኋት።»

ሻለቃ ከኋላ ሆና ሾፌሯን በጣቷ ጎሰም አደረገቻት።

«መርፌው አይታየኝም። ባለፈው ወር ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያወራችኝ ቀይ መብራት አልፌያለሁ። እሷ አላየችም። እንዳልነግራት፣ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይዤ ላዝናናት? እኔ እኮ ሌላ የምሰጣት የለኝም። እሷ ብትነዳና እኔ ቦርሳዋን ታቅፌ ከጎኗ ብቀመጥ ደስታዬ ነበር። ግን በምን አፌ ልበላት?»

ሽማግሌው ተሻግረው ጨርሰዋል። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ። ልብስ ሰፊዋ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ እያለቀሰች ነው፤ ሳቁም አብሮ መጥቶ ትከሻዋን ይንጣታል።

ሻለቃ አፏን ወደ መደገፊያው አስጠግታ ጠየቀች። «ታዲያ ለራሷ አትነግራትም?»

«ነገርኳት እኮ» አለ ሰውዬው። «አንቺ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ለእግረኛ ቆመሽ ታውቂያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለቀቀችው፤ መኪናዋ አንዴ ዘልላ ሞተሯ ጠፋ። ሦስቱም በሳቅ አለቁ። ጡሩምባው ጨመረ። እንደገና አስነሣቻት።

ሰፈራቸው ደርሰው ወደ ግቢው ልትታጠፍ ስትል ሰውዬው መሪውን ሳይነካ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እንዳትገቢ። አንድ ጊዜ ዙሪልኝ። ቦርሳሽን ወዲህ በይ።»

ሰጠችው። ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ታቀፈው፤ እሷም ቤታቸውን አልፋ ነዳች።