የዳለቻ ጆሮ

ወዳጆ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ሞላሌ ገበያ ላይ «የወዳጆ እጅ ነው» ከተባለ ገዢ ባናውን ገልብጦ አያይም። እንዲህ እጁን የባረከ አምላክ ምላሱንም አብሮ ቢባርክለት ምን ነበረበት! ግን ሁሉን ለአንድ ሰው አይሰጥ። ወዳጆ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ይቅርታ ከሚጠይቅ የጓሳን ተራራ በጫንቃው ተሸክሞ ይፋት ቢያወርድ ይቀለዋል።

ይኸው ሰው ታዲያ ከሽመናው የተረፈውን የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ እያሸ፣ እየጠቀጠቀ፣ አሻንጉሊት ይሠራል። የመጀመሪያዋን የሠራት ለልጁ ለእስከዳር ነው፤ ልጅቱን ኩፍኝ ይዟት እንቅልፍ እምቢ ያላት ሰሞን። ጠጉሩ አመድማ፣ ዳለቻ፣ ስለነበረ የጠቦት አሻንጉሊቷም ዳለቻ ተባለች። ከዚያ ቀይ ቀበሮው መጣ፣ ከዚያ ጭላዳው ደረቱ ላይ ካለው ቀይ ምልክት ጋር፣ ከዚያ ሰነፏ አህያ። ሚስቱ ጥሩሸዋ ጥቂቱን ገበያ ብታወጣው ሰው ተሻማበት። እያደር አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ በማዳበሪያ ከረጢት እያስሞላ ይወስድ ጀመር። ጎረቤቱ ፋንታሁን ብቻ «አይ ወዳጆ፣ ሽበትህን ይዘህ አሻንጉሊት!» እያለ አላስቀምጥ ይለው ነበር።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰብለወንጌል የምትባል ወጣት ሠዓሊ ከአዲስ አበባ መጣች። ዳለቻን ከነጓደኞቿ ከሱቁ ገዝታ፣ አራቱንም በዘንቢል ይዛ ነው የመጣችው።

«ጋሽ ወዳጆ፣ እርስዎ የፈጠሯቸውን እነዚህን እንስሳት የካርቱን ፊልም ልናደርጋቸው ነው» አለችው። «ለልጆች፣ በየሳምንቱ እሑድ በቴሌቪዥን። በኮምፒውተር እንስላቸዋለን፤ ይሄዳሉ፣ ያወራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ።»

«በግ ምን ታወራለች?»

«እሱን ነው ከእርስዎ ልሰማ የመጣሁት።»

ወዳጆ ሳቀና መወርወሪያውን አነሳ። «እኔ ሸማኔ ነኝ። ውሰጃቸው፣ እንደፈለግሽ አስለፍልፊያቸው።»

ይሄኔ ጥሩሸዋ ከጓዳ ብቅ አለችና «ቴሌቪዥኑ ውጭ አገር ይታያል?» ብላ ጠየቀች።

«ይታያል፣ እትዬ። ዲሽ ያለው ሁሉ ያየዋል፣ ዓረብ አገር ሳይቀር።»

የወዳጆ እጅ ድሩ ላይ ቀረ።

ለምን እንደቀረ ልንገራችሁ። እስከዳር ለወዳጆ አንድያ ልጁ ናት። አባቷን የወረሰችው በመልክ ብቻ መሰላችሁ? በግትርነቱም ነው። ስህተት አይታ ዝም ማለት የማይሆንላት፣ የዲያቆኑን ንባብ ሳይቀር የምታርም ጉድ ነበረች። የወዳጆና የፋንታሁን በጎች አብረው ስለሚውሉ፣ ሲገቡ የሚለዩት በጆሮ ምልክት ነው፤ የወዳጆ በግ ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ የፋንታሁን ደግሞ ቀኝ ጆሮዋ። የመለየቱን ሥራ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የያዘችው እስከዳር ነበረች። በረቱ በር ላይ ቆማ «ግራ የኛ! ቀኝ የጋሽ ፋንታሁን!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። አንድ ቀን ወዳጆ ደክሞት የጎረቤቱን ጠቦት ቢያስገባ፣ «አባዬ፣ ሌባ ልትባል ነው?» ብላ በዚያ ቆፈን ጠቦቷን ታቅፋ ሄዳ መለሰች።

ይህች ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ዓረብ አገር እሄዳለሁ አለች። ወዳጆ አይሆንም አለ። እሷም ሄደች። በዓመቱ ለፋሲካ ወደ ሸዋረግ ሻይ ቤት ደወለች፤ በሰፈሩ ስልክም ቴሌቪዥንም ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጥሩሸዋ አልቅሳ፣ አውርታ፣ ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። ሰው እንኳን አደረሰሽ ይላል። እሱ ግን ሻይ ጠጪው ሁሉ እየሰማ «ያለፈቃዴ ሄደሻል፣ ያለፈቃዴ እዚያው ኑሪ። ወዳጆ ልጅ የለውም» ብሎ ዘጋው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ በኋላ አራት ፋሲካ አለፈ፤ እስከዳር አልደወለችም። ቁጥሯም ጠፋ።

ባለፈው መስከረም ግን ከቤሩት የተመለሰች አንዲት ያገር ልጅ እስከዳርን አይቻታለሁ አለች። ደህና ናት፣ እሑድ እሑድ ያገሯ ልጆች ከሚሰበሰቡበት ቤት ትመጣለች፣ ያገር ቤት ቴሌቪዥን ሲከፈት አብራ ታያለች። ስለ ቤተሰቧ ሲነሳ ግን ተነስታ ዕቃ ታጥባለች። ወዳጆ ይህን የሰማ ቀን እህል አልቀመሰም። ናፍቆት አንጀት እንደሚበላ ያን ቀን አወቀው። ናፍቆቱን ለጥሩሸዋ ነገራት? ማን? እሱ?

እንግዲህ እጁ ድሩ ላይ የቀረው ለዚህ ነው። ከሽመናው ተነስቶ ዳለቻን ከዘንቢሉ አወጣትና ሰብለወንጌል ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ይቺን ስትስያት ጆሮዋ ላይ ስንጥቅ አድርጊባት» አላት።

«አሻንጉሊቷ ላይ ግን የለም እኮ።»

«ለገበያ የሚወጣ ላይ ምልክት አይደረግም። ምልክት ለቤት ነው።»

ሰብለወንጌል ፊቷን ቋጠር አደረገች። «ጋሼ፣ የሚያዩት ሕፃናት ናቸው። የተቆረጠ ጆሮ አይተው ቢደነግጡብንስ?»

«እንግዲያው ዘንቢልሽን ይዘሽ በደህና ግቢ።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ጥሩሸዋ። «አንተ ሰው፣ ንገራት! አንድ ቀን እንኳ አፍህን ለደግ ክፈተው።»

ወዳጆ መሬት መሬት እያየ ነገራት። ሁሉንም፤ ፋሲካውን፣ ስልኩን፣ ያን ክፉ ቃሉን ሳይቀር። «ምልክቱን ካየች ትገባታለች» አለ። «በግ አገር አቋርጣ ብትጠፋ ምልክቷ እስካለ ድረስ ቤት የላትም አትባልም። እሷንም… ቤት አለሽ ልላት ነው።»

ሰብለወንጌል ዓይኗን ጠርጋ «የት ጋ ነው ስንጥቁ?» ስትለው በቃል መመለስ አቅቶት ጣቱን የገዛ ጆሮው ጫፍ ላይ አሳረፈ። ፊት ለፊቱ ያለችው ሰብለወንጌልም ጣቷን በዚያው አቅጣጫ ወደ ራሷ ጆሮ አነሳችና «እዚህ ጋ?» አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀላት።

ከዚያ ወዲያ ጥበቃ ሆነ። ሰብለወንጌል በየጊዜው ስልክ እየደወለች ጭላዳ ሲቆጣ ምን ያደርጋል፣ ቀበሮ አይጥ ላይ ሲያደባ ጭራው የት ይሆናል እያለች ትጠይቀዋለች። ወዳጆም ይነግራታል፤ ነግሮ ሲጨርስ «ጆሮዋን አልረሳሽም?» ይላታል። «አልረሳሁም፣ ጋሼ።» ክረምት ገባ። በየገበያው ቀን ሸዋረግ ዘንድ ጎራ እያለ ስልኩን አንስቶ ድምፁን ያዳምጥና መልሶ ያስቀምጠዋል።

«ይሠራል እኮ፣ ወዳጆ» ትለዋለች ሸዋረግ።

«እንዲያው ነው» ይላታል። እንዲያው እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፣ ግን ምን ታድርገው።

መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ «ዳለቻና ጓደኞቿ» ተጀመረ። ቅዳሴ እንዳለቀ ሻይ ቤቱ ጢም አለ። ወዳጆ ነጠላውን አጣፍቶ ከፊት ተቀመጠ። ያ የጓሳ ሣር፣ ያ ጉም፣ ያ ቁልቁለት ብቅ ሲል ሰው ሁሉ «ወይ ጉድ!» አለ። ዳለቻ ኮረብታውን እየዘለለች ወረደች። የወዳጆ ልጅ በኩፍኝ ትኩሳት ያቀፈቻት ጠቦት ነፍስ ዘርታ ስትሮጥ ማየት ቀላል መሰላችሁ? ከዚያ ዳለቻ ቆመችና ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዞረች።

ስንጥቁ ቀኝ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ከኋላ ፋንታሁን በሳቅ ፈነዳ። «እሰይ! በጌ ቴሌቪዥን ወጣች! ምስክር ሁኑኝ፣ እናንተ ሰዎች፣ ቀኝ ጆሮ የኔ ነው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወዳጆ ተነስቶ ወጣ። ሲያልፍ ፊቱን ያየው ፋንታሁን ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ፤ ተከትሎት ቢወጣም መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ።

ሰው ሲበተን ወዳጆ ተመልሶ ሰብለወንጌል ዘንድ ደወለ።

«ቀኝ አይደለም እንዴ ያሳዩኝ?» አለች። «እኔ እኮ እንዲህ ነክቼ… ወይኔ! ፊት ለፊት ነበርን። ጋሼ፣ የእኔ ቀኝ ለእርስዎ ግራ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኔ ጥፋት ነው። ስድስት ክፍል ተሠርቶ አልቋል፤ ከሰባተኛው ጀምሮ አስተካክለዋለሁ።»

ወዳጆ ስልኩን አስቀመጠ። የገረመው የጆሮው ነገር ብቻ አልነበረም። ይቅርታ ማለት እንዲህ ከአፍ ቀልጠፍ ብሎ ይወጣል እንዴ?

ቤቱ ገብቶ «አበቃ» አላት ለጥሩሸዋ። «ብታየውም የፋንታሁን በግ ናት ብላ ታልፋለች። ይሄ ሁሉ ልፋት ለፋንታሁን ሆነ።»

ጥሩሸዋ ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን አስቀመጠች። «ያን ቀን አንዲት ‹ልጄ› ብትላት ኖሮ በግም ቴሌቪዥንም ባላስፈለገን» አለችው። እውነቷን ነዋ።

በሁለተኛው እሑድ ሻይ ቤት አልሄደም። ሰንበት ነውና ሽመና አይነካ፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። ፕሮግራሙ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ሸዋረግ ከሻይ ቤቷ በር ላይ ቆማ፣ በዚያ ገደል በሚያስተጋባ ድምፅዋ ተጣራች።

«ወዳጆ! ኧረ ወዳጆ! ስልክ! ከውጭ ነው!»

ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እንደዚያ ሲሮጥ ያየው የለም። ነጠላው መንገድ ላይ ወደቀ፣ ዞሮ አላየውም። ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ገለል አለለት። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሃሎ።»

ከወዲያ ሰላምታ የለ፣ እንዴት ከረማችሁ የለ፣

«በግራ ነው» አለች።

ሸዋረግ በርጩማ አስጠጋችለት።

«ባለፈው ሳምንት አይቼ ዝም አልኩ» አለች እስከዳር፤ ተቆጥታለች። «ዛሬም ያው ነው። የኛ በግራ ነው፣ ቀኝ የጋሽ ፋንታሁን ነው። ስንት ሰው በሚያየው ነገር ላይ እንዲህ ይደረጋል? ዳለቻን ማን ነው እንዲህ ያበላሻት?»

ሰውዬው የሰብለወንጌል ጥፋት ነው ማለት ይችል ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው፣ ቀኟ ግራዬ ሆኖ ነው ማለትም ይችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ብርጭቆ የሚያነሳ ጠፋ። ከአምስት ዓመት በፊት ያን ቃል እዚያው ቤት የሰሙ ሰዎች ይህንንም ሰሙ። ፋንታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከስልኩ ውስጥ ልቅሶ መጣ፣ ከልቅሶው ውስጥ «አባዬ»፣ ከዚያ «እማዬስ?»። ጥሩሸዋ በሩ ላይ ነበረች፤ ባሏ የጣለውን ነጠላ ከመንገድ አንስታ ታቅፋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ፕሮግራሙ እንዳለቀ፣ ስልኩ ይጮሃል። «ዛሬም አላስተካከሉትም!» ትላለች እስከዳር። «እነግራቸዋለሁ» ይላታል ወዳጆ። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ወለደችው በግ፣ ስለ እናቷ ጉልበት። መቼ ነው የምትመጪው ሲላት ግን ዝም ትላለች፤ አሠሪዎቿ ገና አለቀቋትም፣ ወረቀቷም እጃቸው ነው። ወዳጆም የሷን ዝምታ ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ይሸምናል።

በስድስተኛው ሳምንት ሰብለወንጌል ደወለች። «ጋሼ፣ የምሥራች! ጨርሼዋለሁ። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ስንጥቁ በግራ ነው።»

«ተይው» አላት።

«ምን አሉኝ?»

«ባለበት ይሁን፣ አታስተካክይው።»

አጠገቡ የቆመችው ጥሩሸዋ ሰማችው። «አንተ ሰው፣ አሁን እኮ ያለ ጆሮም ትደውላለች» አለችው በሹክሹክታ።

«ምን አውቃለሁ» አለ ወዳጆ። «አንዴ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ለመደወል ምክንያት አላሳጣትም።» ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሶ «ልጄ የምትመጣ ዕለት በረቱ በር ላይ ቆማ ራሷ ታስተካክለዋለች፣ ያኔ ትስይዋለሽ። እስከዚያ የፋንታሁን በግ ትሁን» አላት። ስልኩንም አስቀመጠና ቀጣዩን እሑድ ሊጠብቅ ወደ ሽመናው ተመለሰ።